8,004 ሰው

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ። ስለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። 8,004።

ህንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ሕዝቧን ስትቆጥር 640 ዲስትሪክት ነበራት። ዲስትሪክት ማለት በእኛ ዞን እንደማለት ነው። ያኔ ብዙ ሰው የተገኘበት ሙምባይ አጠገብ ያለው ታኔ ነበር፤ ከ11 ሚሊዮን በላይ። ከሁሉ ያነሰው ደግሞ ዲባንግ ቫሊ ነው። 8,004 ሰው። በቃ። እኔ የምኖርበት የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ሰው ይኖራል።

ስፋቱ ግን 9,129 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባን 17 ጊዜ ይውጣል። ስታካፍሉት ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ሰው እንኳ በቅጡ አይደርስም።

ቦታው የት መሰላችሁ? በህንድ ሰሜን ምሥራቅ ጥግ፣ አሩናቻል ፕራዴሽ የሚባለው ግዛት ውስጥ ነው። ከጀርባው ቻይና ናት። ሂማላያ ነው፤ ሜዳ ብሎ ነገር የለም። ዋና ከተማው አኒኒ ትባላለች፣ ትንሽዬ ናት። ከታች ከሮይንግ ከተማ ተነስቶ ወደ እሷ የሚሄድ ሰው ማዩዲያ የሚባለውን 2,655 ሜትር ከፍታ ያለው በር ማለፍ አለበት። በብርዱ ወራት በረዶ ይወርድበታል። ዝናቡ ሲመጣ ደግሞ ተራራው ይናድና መንገዱን ይዘጋዋል።

እንግዲህ «ለካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ሰው» ሲባል፣ ሰዉ እንደ ዘር የተበተነ ይመስላል አይደል? እንደሱ አይደለም። ሰው ያለው ወንዙን ተከትሎ፣ ቤት የምታስቆም ጠፍጣፋ መሬት በተገኘችበት ነው። ከዚያ ወዲያ ገደል፣ ጫካ፣ በረዶ። ወደ ግማሽ የሚጠጋው የዲስትሪክቱ መሬትም የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሎ የተከለለ ነው።

ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ኢዱ ሚሽሚ የሚባሉ ናቸው። ሚቱን የሚባል ከብት አላቸው፤ ግንባሩ ሰፊ፣ ቀንዱ ወፍራም፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች ነጭ። በረት የለውም። ጫካ ይለቀቃል፣ እዚያው ይውላል ያድራል። ባለቤቱ ሲፈልገው ጨው ይዞ ይሄዳል። ይጠራዋል። ያ ሁሉ አካል ከቅጠሉ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወጣና እጁ ላይ ያለውን ጨው ይልሳል። ታዲያ ይሄ ጫካ ባዶ ነው ይባላል?

ደግሞ የህንዱ ነብር አለ፣ ታይገሩ። በኢዱዎች እምነት ታይገርና ሰው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታይገር መግደል ወንድምን እንደመግደል ነው። ተመራማሪዎች በካሜራ ሲከታተሉ ከ3,600 ሜትር በላይ፣ በረዶ ውስጥ ሲሄድ ቀርጸውታል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ይሄ ትንሽ ቁጥር ክርክር ላይ ሲመዘዝ ነው። እዚያ ኤታሊን የሚባል 3,097 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ታቅዷል። ከ250 ሺህ በላይ ዛፍ ይቆረጥበታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የህንድ መንግሥት የደን አማካሪ ኮሚቴ እቅዱን መልሶታል፤ ነገሩ ግን አልተዘጋም። እንዲህ ያለ ቦታ ሲነሳ «ሰው እኮ የለበትም» የሚል ሰው አይጠፋም። መብራት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እኔም በመብራት ነው ይሄን የምቀዳው። ግን ጥቂት ሰው አለ ማለትና ሰው የለም ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ይሄን የማውቀው በእግሬ ነው። በ1999 ዓ.ም. በሕዝብና ቤት ቆጠራው ቆጣሪ ነበርኩ። ጀማሪ አስተማሪ ነኝ ያኔ። የደረሰኝ ቦታ መንዝ ውስጥ ነው። የመጨረሻዋ ቤት ከገደሉ ማዶ ነበረች። ከጓደኞቼ አንዱ «ለአንድ ቤት ብለህ ነው?» አለኝ። ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዲት እናት ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«የኔ ልጅ፣ እኔን ብለህ ነው ይሄን ገደል የወጣኸው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ሊቆጠሩ ነው።»

ሳቁ። ቆሎ አቀረቡልኝ፣ ውሃ በጣሳ ሰጡኝ። ከዚያ የልጆቻቸውን ስም መዘርዘር ጀመሩ። አንዱ አዲስ አበባ ነው፣ አንዷ ዐረብ አገር፣ አንዱ ሞቷል። ሁሉንም ጻፍልኝ አሉ። እዚህ የማይኖር እዚህ አይቆጠርም ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እሺ፣ እንግዲያው እኔን አሳምረህ ጻፍ» አሉ።

ስማቸውን ቀስ ብዬ፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ። የቤተሰብ ብዛት በሚለው ላይ፣ 1።