የአባት ስም የት ይጻፋል? የብሪታኒያ መንግሥት የቅጽ መሥሪያ አገልግሎትና ተመልሶ የመጣው ፖስታ

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ውድ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው በምንኖርባት በብሪታኒያ የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የተባለው ተቋም ስለሚሠራው፣ «ጎቭ ዩኬ ፎርምስ» ስለተሰኘው መሣሪያ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የማይችል የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ባለሙያ ርዳታ የበይነ መረብ ቅጽ እንዲያዘጋጅ የሚያስችል ሲሆን፣ ሥራው የት እንደደረሰ እህቴ በዝርዝር ታስረዳናለች። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምንጠራ ከወዲሁ ላሳውቅ። በይ እንግዲህ፣ ከየት እንጀምር?

እሷ፦ ወንድሜ፣ እኔ ከአንድ ፖስታ ብጀምር እወዳለሁ። እማማ እያልሁ የምጠራቸው፣ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ ጎረቤት አሉኝ። በብርዱ ወራት አንድ ምሽት በሬን አንኳኩተው ገቡና ከነጠላቸው ሥር ፖስታ አወጡ። ከሳምንታት በፊት አብረን ሞልተን የላክነው ቅጽ ተመልሶ መጥቷል። ከላዩ የተያያዘችው ደብዳቤ፣ ስማቸው በፓስፖርታቸው ላይ ካለው ጋር እንደማይመሳሰልና በመጨረሻው ገጽ ላይ ፊርማ እንደጎደለ ትገልጻለች።

እሱ፦ የየትኛው መሥሪያ ቤት ቅጽ ነበር?

እሷ፦ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፤ እንዲህ ያለ ቅጽ ብዙ ቦታ ስላለ ጥፋቱን በአንዱ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። ቅጹ ከድረ ገጽ የሚወርድ ፒዲኤፍ ነበር። በእማማ ስልክ ብንከፍተው ጽሑፉ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቀቀብን። በጣት ስናሰፋው ደግሞ ጥያቄው ሲታይ የመልሱ ቦታ ይሸሻል፣ የመልሱ ቦታ ሲመጣ ጥያቄው ይጠፋል፤ በላዩ ላይ መጻፍማ ጨርሶ አይቻልም። ስለዚህ በማግሥቱ ወደ ሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሄድን፣ ፕሪንተሩ ጋ ወረፋ ጠበቅን፣ ለየገጹ ከፍለን አተምነው። በጥቁር እስክሪብቶና በትልልቁ የላቲን ፊደል ብቻ ይሞላ ይላል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ትንሽ ሳጥን ተሠርታለታለች።

እሱ፦ ያቺን ሳጥን እኔም አውቃታለሁ። አንድ ፊደል ከተሳሳትሽ ገጹን እንደ አዲስ ማተም ነው።

እሷ፦ አዎ፤ እኛም አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አትመናል። ዋናው ችግር ግን ስሙ ላይ ነበር። ቅጹ በአንድ መስመር የመጀመሪያ ስም፣ በሌላ መስመር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እማማ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝና «የቤተሰብ ስም የሚሉት የማንን ነው፤ የአባቴን ነው ወይስ የባለቤቴን?» ብለው ጠየቁኝ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ነው። ሴት ልጅ ብታገባም ስሟን አትለውጥም። ስለዚህ እናትና ልጅ በአንድ ቤት እየኖሩ በቅጹ ላይ ዝምድና የሌላቸው ይመስላሉ። በዚያ ላይ የእማማ አባት ስም እንደ ወልደ ጊዮርጊስ ወይም እንደ ኃይለ ሥላሴ በሁለት ቃል የሚጻፍ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ተለያይቶ ተጽፏል፤ እኛ ሳጥኑ እንዳያልቅብን አጣብቀን ጻፍነው፤ ቅጹም በዚሁ ምክንያት ተመለሰ።

እሱ፦ እህቴ፣ ታሪኩ ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን አድማጮቻችን መሣሪያው የት እንደደረሰ ለመስማት እየጠበቁ ነው።

እሷ፦ እዚያው ላይ ነኝ። የመንግሥቱ የዲዛይን መመሪያ፣ ማለትም ቅጾቹ ሁሉ የሚገነቡበት የጋራ ሥርዓት፣ ስለ ስም የሚለው ነገር አለ። በተቻለ መጠን ስምን በአንድ ሳጥን ብቻ፣ «ሙሉ ስም» ብላችሁ ጠይቁ ይላል፤ ምክንያቱም የሰው ስም አሰያየም እንደየባህሉ ይለያያል፣ ስሙን ለሁለትና ለሦስት የሚከፋፍል ቅጽ ደግሞ የአንዳንዱን ሰው ስም ማስተናገድ አይችልም። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ወይዘሪት የሚለውንም ካላስፈለገ አትጠይቁ ይላል። ይህን ሳነብ የእማማ ጥያቄ ነው የታወሰኝ።

እሱ፦ መመሪያው ግን መመሪያ ነው፤ ሠራተኛው ባያነበውስ?

እሷ፦ መሣሪያው የተሠራው ለዚህ ነው! ሠራተኛው ከፍቶ «የስም ጥያቄ ጨምር» ሲል፣ መሣሪያው ስሙን በአንድ ሳጥን ነው ወይስ በተከፋፈለ የምትፈልገው፣ ማዕረግስ በእርግጥ ያስፈልግሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። መመሪያውን ፈልጎ ያላነበበ ሠራተኛ እንኳ ቆም ብሎ እንዲያስብ ይገደዳል። የአድራሻ፣ የቀን፣ የስልክ ቁጥር፣ የብሔራዊ መድን ቁጥር ጥያቄዎችም እንዲሁ ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ቅጹ ለባለጉዳዩ ሲቀርብ በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ ያሳያል፤ ጽሑፉ ጎላ ያለ ነው፤ ከሥሩ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ስሙን ሳይጽፍ ቢያልፍ «ሙሉ ስምዎን ያስገቡ» የሚል ግልጽ መልእክት እዚያው ይመጣለታል እንጂ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ አይመለስበትም።

እሱ፦ በጎ ነው። እስቲ አሁን ወደ አጀማመሩ እንመለስ።

እሷ፦ አጀማመሩ አጭር ነው። የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎት የተቋቋመው በ2011 ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤቶቹን ድረ ገጾች ወደ አንድ የሰበሰበው ጎቭ ዶት ዩኬ በ2012 ተከፈተ። ከዚያም መሥሪያ ቤቶች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች መጡ፤ ክፍያ የሚቀበለው «ፔይ» እና የኢሜይልና የስልክ መልእክት የሚልከው «ኖቲፋይ» ሁለቱም በ2016 ሥራ ጀመሩ። ቅጽ መሥሪያው የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል። ተቋሙ ለረጅም ጊዜ በካቢኔ ጽሕፈት ቤት ሥር ነበር፤ ከ2024 ወዲህ በሳይንስ፣ በኢኖቬሽንና በቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር ሆኗል።

እሱ፦ ድረ ገጹ ከተከፈተ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖት እያለ፣ እስካሁን ሰው ፒዲኤፍ እያተመ በእጁ የሚሞላው ለምንድን ነው?

እሷ፦ ፓስፖርት፣ ግብርና መንጃ ፈቃድን የመሳሰሉት ብዙ ሕዝብ የሚስተናገድባቸው አገልግሎቶች ናቸው። ለእነርሱ ገንዘብም የባለሙያ ቡድንም ይመደባል። ከእነርሱ በስተጀርባ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቅጾች አሉ፤ አንዳንዱ በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ የሚሞላው ነው። ለእንዲህ ያለው ቅጽ የፕሮግራም ባለሙያ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት የለም። ስለዚህ ሠራተኛው በቃላት ማቀናበሪያው ይጽፈዋል፣ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጠዋል፣ ድረ ገጹ ላይ ይጭነዋል። የ2018ቱ የተደራሽነት ደንብ የመንግሥት ድረ ገጾችና በላያቸው የሚወጡ ሰነዶች አካል ጉዳተኞችም ሊጠቀሙባቸው የሚችሉ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ሆኖም በጥንቃቄ ያልተዘጋጀ ፒዲኤፍ ስክሪን በሚያነብ መሣሪያ ለሚጠቀም ዓይነ ስውር እንደተዘጋ በር ነው። ለሠራተኛውም ቢሆን ሸክም ነው፤ ቡድኑ ራሱ ሲያሰላ በሰነድ የመጣን ቅጽ ማስተናገድ በበይነ መረብ ከመጣው በአማካይ 8 ደቂቃ ይበልጣል።

እሱ፦ እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ባለጉዳዩ ቅጹን ሞልቶ ሲልክ መልሱ ለመሥሪያ ቤቱ የሚደርሰው በኢሜይል ነው። ሠራተኛው ያንን ኢሜይል ከፍቶ ወደ ራሱ መዝገብ እንደገና በእጁ የሚገለብጥ ከሆነ፣ ይህ ከእጅ አይሻል ዶማ አይሆንም ወይ?

እሷ፦ አይሆንም፤ የኢሜይሉ ነገር ሆነ ተብሎ የተመረጠ ነው። ትንሽ መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት የለውም፤ ኢሜይል የሌለው ግን የለም። ቋት ገንቡ፣ ሥርዓታችሁን ለውጡ ቢባሉ ኖሮ ማንም አይጀምረውም ነበር። በኢሜይል ስለሆነ በአጭር ጊዜ መጀመር ይችላሉ። ከዚያ ወዲህም መልሶቹ በሠንጠረዥ ፋይል ተዘጋጅተው እንዲደርሱ ተደርጓል።

እሱ፦ ሠንጠረዡ በጎ ነገር ነው፤ ይሁንና ከኢሜይል ወደ መዝገብ የሚገለብጠው ሰው አሁንም አለ። እኔ ሥራው ተጠናቀቀ የምለው ያ ሰው ከመገልበጥ ሲያርፍ ነው።

እሷ፦ እኔ ደግሞ እማማ ቤተ መጻሕፍት ከመመላለስ ሲያርፉ ግማሹ መንገድ ተሄደ እላለሁ።

እሱ፦ በዚህ አንለያይም። ሌላ ሥጋትም አለኝ። ቅጽ መሥራት እንዲህ ከቀለለ ቅጽ ይበዛል። ትናንት ባለሙያ ስላጣ የተወውን ጥያቄ፣ ዛሬ ማንኛውም ክፍል በአንድ ከሰዓት በኋላ ቅጽ አድርጎ ባለጉዳይ ላይ ይጭናል። መሣሪያው ነፃ መሆኑ በጎ ነው፤ ግን ነፃ የሆነ ነገር ይባክናል።

እሷ፦ ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። መሣሪያው ይህን ሙሉ በሙሉ ይከላከላል ብዬ አልከራከርህም። ሆኖም ቅጹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ሠራተኛው መመለስ ያለበት ነገር አለ፤ የግል መረጃው እንዴት እንደሚያዝ የሚገልጽ ገጽ ማያያዝ አለበት፣ ባለጉዳዩ ችግር ቢገጥመው ለማን እንደሚደውል ወይም እንደሚጽፍ ማሳወቅ አለበት፣ ከላከ በኋላም ምን እንደሚከተል መጻፍ አለበት። የቅጽ ባለሙያዎች በዚህ አገር ደጋግመው የሚሉት ምክር አለ፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደምትጠይቅ፣ መልሱን ማን እንደሚጠቀምበትና ለምን እንደሚጠቀምበት ካላወቅህ አትጠይቅ ይላሉ። የእማማ ቅጽ በዚህ ወንፊት ቢነፋ ምን ያህል ጥያቄ እንደሚቀር አላውቅም።

እሱ፦ ምክሩን የሚከተል ካለ ነው እንጂ! እኔ ከሥጋቴ አልወጣሁም።

እሷ፦ አትውጣ፤ እንዲህ የሚሠጋ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ ያስፈልጋል። ስለ ቀን ግን ሳልናገር አላልፍም። የትውልድ ቀን የሚጠየቀው በሦስት ሳጥን ነው፤ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ከበላዩ የአጻጻፍ ምሳሌ ሊቀመጥ ይችላል፤ በመመሪያው ላይ ለቀን ጥያቄ ከምታያቸው አንዱ 27 3 2007 የሚለው ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1999 ዓ.ም. ማለት ነው። ወሩ በተራ ቁጥር እንዲጻፍ ማድረጉ ለእኛ እናቶች ይቀላል፤ ከረጅም ዝርዝር የወር ስም መምረጥ አያስፈልጋቸውም። ልደታቸውን በእኛ አቆጣጠር ብቻ የሚያውቁ ሰዎች ግን አሁንም ረዳት ያስፈልጋቸዋል፤ የ7 ወይም የ8 ዓመቱን ልዩነት ሳያስተካክል የሚጽፍ ሰው በሌላ ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ይጋጭበታል።

እሱ፦ ይህማ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም።

እሷ፦ አይደለም፤ ነገር ግን ከቀኑ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ማብራሪያ መጻፍ የሚችለው ቅጹን የሚያዘጋጀው ሠራተኛ ነው። ቀድሞ ለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የፕሮግራም ባለሙያ መለመን ነበረበት፤ አሁን ራሱ ጽፎ ወዲያው ለሕዝብ ያወጣዋል። በዚህ መሣሪያ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ የባለጉዳዩን ጥያቄ በስልክ የሚሰማው ሰውና ቅጹን የሚያርመው ሰው አንድ ሆነዋል።

እሱ፦ ሰዓታችን እየገፋ ነው። ከቀሩት አዳዲስ ነገሮች በአጭሩ ብታነሺልን።

እሷ፦ በመጀመሪያ ጥያቄዎቹ በተርታ ብቻ ነበር የሚሄዱት፤ አሁን እንደ መልሱ መንገድ ይለወጣል፣ ስለዚህ ልጅ የለኝም ያለ ሰው ስለ ልጆቹ አይጠየቅም። ክፍያ ካለ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፔይ ያሻግራል። ሰነድ አያይዞ መላክም ተጨምሯል። ፕሮግራሙ ሩቢ ኦን ሬይልስ በተባለ የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያ የተጻፈ ሲሆን ኮዱ ለማንም ክፍት ነው።

እሱ፦ እማማስ? የተመለሰው ቅጽ ምን ሆነ?

እሷ፦ እንደገና አትመን፣ የአባታቸውን ስም እንደ ፓስፖርቱ አለያይተን ጽፈን፣ ፊርማውን በመጨረሻው ገጽ አኑረው ላክነው፤ ተቀባይነትም አገኘ። በቀደም ስለዚህ አገልግሎት ስነግራቸው በጥሞና ሰምተውኝ «ስልክ ላይ ከሆነ ፊርማዬን የት አኖራለሁ?» አሉኝ። መልሶቹን በሙሉ በአንድ ገጽ መልሰው እንደሚያዩ፣ ከሥሩ የቃል ማረጋገጫ እንደሚጻፍና ተስማምቼ ልኬአለሁ የሚለውን ቁልፍ መንካት እንደሚበቃ አስረዳኋቸው። እማማ ግን አልተዋጠላቸውም። ፊርማቸውን መጻፍ የተማሩት ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ ነውና እንዲቀርባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ የወረቀቱ ቅጽ ለሚፈልገው ሰው ይቆይ እላለሁ፤ በዚህ ላይስ ትስማማለህ?

እሱ፦ በዚህ ላይ እስማማለሁ። የኢሜይሉን ነገር ግን በሌላ ዝግጅት እንመለስበታለን።