የኤሌክትሪክ መኪና፣ ግድብና ከሰል፦ የአድማጮች ጥያቄና የኢንጂነሩ መልስ

በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን ከኤሌክትሪክ ባለሙያው መልስ ጋር አቅርበናል።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ ባትሪው ሲመረት ብዙ ብክለት አለው ይባላል። ታዲያ የኤሌክትሪክ መኪና ከቤንዚኑ በምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም። አዎ፣ አንድ መካከለኛ ባትሪ ሲመረት 5 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። መኪናዋ ገና አስፋልት ሳትረግጥ ዕዳ አለባት። በሌላ በኩል አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ይለቃል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ መኪና 16 ኪሎ ታወጣለች ማለት ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ስለሚመጣ የባትሪው ዕዳ በ30 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ይከፈላል። ኃይሉን በድንጋይ ከሰል በሚያመነጭ አገር ግን በጣም ይዘገያል።

አሁን አስሉት። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሚሠራ የሜትር ታክሲ ሹፌር ዕዳውን በዓመት ውስጥ ይጨርሳል። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሄድ መኪና 6 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ “ለአካባቢ ጥበቃ ብዬ ሁለተኛ መኪና ልጨምር” የሚሉኝ አሉ። አይሆንም እላቸዋለሁ። ለከተማው የሚቀድመው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ነው።

አድማጭ ከጂንካ፦ ግድብ ንጹህ ነው ስትሉ እኛን ረስታችኋል?

መልስ፦ እውነትህን ነው ወንድሜ። ኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ጭስ የለውም። ግን በታችኛው ኦሞ ሰው የሚያርሰው ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ነበር። ማሽላውን የሚዘራው እዚያ ነበር። ግድቡ ያንን ሙላት አስቀረ። የቱርካና ሐይቅ ውኃም አብዛኛው ከኦሞ ስለሚገባ ጉዳዩ ኬንያ ድረስ ይደርሳል። ከድንጋይ ከሰል ይሻላል ወይ? በብዙ ይሻላል። ሆኖም ሁልጊዜ “ዋጋውን ማን ከፈለ?” ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይ መብራቱን የሚያበራው ሌላ፣ ማሳው የቀረበት ሌላ ነው። ካሳና ምትክ መሬት ሊሰጠው ይገባል። ሌላው ነገር ድርቅ ነው። ሁሉን ነገር በውኃ ላይ መጣል ያሰጋል። አዳማና አሸጎዳ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ጥቅማቸው በበጋ፣ ውኃው ሲቀንስ መሥራታቸው ነው።

አድማጭ ከደሴ፦ የፀሐይ ፓነል ስንት ዓመት ያገለግላል?

መልስ፦ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ። ቀድሞ የሚሞተው ባትሪው ነው፤ አሲዱን ቦይ ውስጥ እንዳትደፉ፣ እርሳሱንም ጓሮ ውስጥ እንዳታቀልጡ።

አድማጭ ከአዳማ፦ መኪናዬን በመስኮት በወጣ ኤክስቴንሽን ማታ ማታ ቻርጅ አደርጋለሁ። ቻርጀሩ ቀይ መብራት እያሳየ እምቢ ሲል አንድ ልጅ አርዙን ከኒውትራል ጋር አገናኘልኝና ሠራ። ችግር አለው?

መልስ፦ አሁኑኑ ሄደህ ንቀለው። ከዚያ ተመልሰህ ስማኝ።

ቀዩ መብራት “ይህ ቤት አርዝ፣ ማለትም ከመሬት ጋር የተያያዘ ሽቦ የለውም” እያለህ ነበር። ልጁ ችግሩን አልጠገነም፤ አስጠንቃቂውን ዝም አሰኘው። አንድ ቀን ኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ፖል ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ ቢበጠስ፣ 220 ቮልት በዚያች ባገናኛት ሽቦ በኩል የመኪናህ ቆርቆሮ ላይ ይወጣል። መሬቱ ዝናብ ነክቶታል እንበል። ልጅህ ቦርሳዋን ልታወጣ በሩን ትይዛለች። እስቲ አስበው።

ኤክስቴንሽኑም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ ግን ጋግራችሁ ታጠፉታላችሁ። በ16 አምፔር የሚሠራ ቻርጀር ያንኑ ያህል እየሳበ ሌሊቱን ሙሉ ያድራል። ቀጭኑ ገመድ፣ ያውም ተጠቅልሎ፣ ይግላል። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ሶኬቱ ይጠቁራል። ቤተሰቡ ተኝቷል። ሶኬታችሁ ጠቁሮ ካያችሁ እሳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

የሚያስፈልግህ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ መከላከያና መሬት ውስጥ ተቀብሮ በመሣሪያ የተለካ አርዝ ነው። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሚሊዮኖች አውጥተህ መኪና ገዝተህ ሽቦ ላይ አትቆጥብ።

አድማጭ ከሐዋሳ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቻለሁ። መብራት ሲጠፋ ግን ከሰል ቤት ውስጥ አነዳለሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ ምድጃውን በመግዛትዎ ተባረኩ። የአገራችን ቤተሰብ ዛሬም በአብዛኛው የሚያበስለው በእንጨትና በከሰል ነው፤ ደኑን ከመኪናው ይልቅ የሚታደገው የእናንተ ኩሽና ነው። ከሰሉን ግን ደጅ ያንዱት። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው አይነቃም። ምድጃውንም ኤክስቴንሽን ላይ እንዳይሰኩት አደራ።

አድማጭ ከቨርጂኒያ፦ ባትሪ ውስጥ ያለው፣ ኮንጎ ውስጥ ሕፃናት ጭምር የሚቆፍሩት ኮባልት የሚባል ማዕድን ያሳስበኛል።

መልስ፦ ሊያሳስብሽ ይገባል እህቴ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ኮባልት የለውም። ስትገዢ እሱን ጠይቂ።

አድማጭ ከአዲስ አበባ፦ መኪናዬ ጎርፍ ውስጥ ቆማ ነበር። ደርቃለች፤ ቻርጅ ላድርጋት?

መልስ፦ አታድርግ፤ እንዳታስነሳትም። ውኃ የገባበት ባትሪ ቆይቶም ሊቀጣጠል ይችላል። ከቤትና ከሌሎች መኪናዎች አርቀህ አቁማት። የሰፈር መካኒክ ባትሪውን እንዳይከፍተው። በተጎታች ተጭና በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ጋ ትሂድ።