ከእጅ የማይርቅ ማጣቀሻ፦ ለፓይተን ጀማሪ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ሠልጣኞች፣

በዚህ ሥልጠና መክፈቻ ላይ ስለ ፓይተን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እንድናገር ስጠየቅ፣ የቋንቋውን ታላቅነት ከማወደስ ይልቅ ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚያነሣቸው ሁለት ጥያቄዎች መናገርን መረጥሁ። ጥያቄዎቹም «ፕሮግራሜን ምን ላይ ልጻፍ?» እና «ስረሳ የት ልመልከት?» የሚሉ ናቸው። ቀላል ይመስላሉ፤ ነገር ግን ብዙ ሰው አንዲት መስመር ኮድ ሳይጽፍ የሚደክመው እነዚህን ሲያማርጥ ነው።

ከማጣቀሻው ልጀምር። እኔ ትምህርቱን የጀመርሁት ከአንድ ወዳጄ ባገኘሁት፣ ሽፋኑ በተገነጠለ የፎቶ ኮፒ ጥራዝ ነበር። ጥራዙ የተዘጋጀው ለቀድሞው እትም ለፓይተን 2 ሲሆን፣ ኮምፒውተሬ ላይ የተጫነው ግን ፓይተን 3 ነበር። በጥራዙ ውስጥ ጽሑፍን ስክሪን ላይ የሚያወጣው «ፕሪንት» (print) የሚባል ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ይጻፋል፤ እኔም እንዳየሁት ስጽፍ ኮምፒውተሩ አልቀበልም እያለኝ፣ ጥራዙን ሳይሆን ራሴን ስጠራጠር ሰነበትሁ። ይህ እንኳ ወዲያው የሚታይ ስሕተት ነው፤ የሚብሰው ምንም ሳይናገር መልሱን የሚለውጠው ነው። 7ን ለ2 ስናካፍል ፓይተን 2 መልሱ 3 ነው ሲል፣ ፓይተን 3 ግን 3.5 ይላል። ወደ ፊደላችን ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከፋል፤ «ሰላም» የሚለው ቃል ስንት ፊደል እንዳለው ሲጠየቅ ፓይተን 3 በትክክል 3 ብሎ ሲመልስ፣ ፓይተን 2 በተለመደው አጻጻፍ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን፣ ማለትም ፊደሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዘውን የቦታ መለኪያ ስለሆነና፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አመዘጋገብ ሦስት ባይት ስለሚይዝ 9 ይል ነበር። የፓይተን 2 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተቋርጧል፤ ለእርሱ የተጻፉት ጥራዞች ግን ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ የምትይዙት ማጣቀሻ ለየትኛው እትም እንደተጻፈ አስቀድማችሁ ተመልከቱ።

ደግነቱ፣ አንዱ ማጣቀሻ ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል። «ሄልፕ» (help) ብላችሁ በቅንፍ ውስጥ የፈለጋችሁትን ትእዛዝ ስም ብትጽፉ ማብራሪያው እዚያው ይወጣል፤ «ዲር» (dir) ደግሞ በእጃችሁ ያለው ነገር ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ይዘረዝራል። ሁለቱም ኢንተርኔት አይጠይቁም። ኔትወርክ በሚጠፋበት፣ ፓኬጅም በወሩ አጋማሽ በሚያልቅበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሙሉው የፓይተን ሰነድም ተጠቅልሎ ስለሚወርድ፣ አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል። ከእርሱ ውስጥ የመማሪያውን ክፍል በተርታ አንብቡ፤ የላይብረሪውን፣ ማለትም ከቋንቋው ጋር የሚመጡትን ዝግጁ ትእዛዞች የሚዘረዝረውን ክፍል ግን እንደ መዝገበ ቃላት ስትቸገሩ ብቻ ግለጡት። በቀለም ያሸበረቁ ባለ አንድ ገጽ ማጠቃለያዎችም አሉ፤ አልቃወማቸውም፣ ነገር ግን የረሳችሁትን ነገር በአማርኛ በራሳችሁ እጅ የምትጽፉበትን አንድ ካርቶን ከእነርሱ አስበልጣለሁ።

ወደ ኮድ መጻፊያው ስመጣ፣ ምክሬ አጭር ነው፤ በቶኒ (Thonny) ጀምሩ። ቶኒ በኢስቶኒያ የታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለጀማሪዎች ታስቦ የተሠራ ነጻ ፕሮግራም ሲሆን፣ ፓይተንን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል። ኮዱን ደረጃ በደረጃ እያስኬደ ስሌቱ እንዴት ወደ መልሱ እንደሚደርስ ስለሚያሳይ፣ መምህር ሰሌዳ ላይ የሚያደርገውን በከፊል ይሠራላችኋል። አይድል (IDLE) የሚባለው መጻፊያም ቢሆን በዊንዶውስ ላይ ከፓይተን ጋር አብሮ ስለሚጫን ለመጀመር አያንስም። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባለው የማይክሮሶፍት ኮድ መጻፊያ ግን ይቆያችሁ፤ ኃይለኛ መሣሪያ ነው፣ ሆኖም ቃሉን ሳትጨርሱ የሚጨርስላችሁ ረዳት የትእዛዙን አጻጻፍ ከእጃችሁ ይቀማል። ሰርቨር፣ ማለትም ከሩቅ ሆናችሁ የምታዙት አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ቪም (Vim) የሚባለውን መጻፊያ ማወቅ ይጠቅማችኋል። (ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ይህ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚዎቹ በኡጋንዳ ያሉ ችግረኛ ሕፃናትን እንዲረዱ የሚጠይቅ መልእክት ስለያዘ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።)

አንድ የራሳችን ችግር ግን በየትኛውም የፈረንጅ ማጣቀሻ አታገኙትም። ፓይተን 3 በአማርኛ ጽሑፍ መሥራት ብቻ ሳይሆን ለተለዋዋጮችም (ዋጋ ለምናስቀምጥባቸው ስሞች) የአማርኛ ስም መስጠት ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳትመልሱ በፓይተን የሚያስፈልገውን ሁለት ነጥብ (:) ብትመቱ፣ የምትጽፉት የቃል መለያችንን «፡» ሊሆን ይችላል። በዓይን ከላቲኑ አይለይም፤ ፓይተን ግን የማይፈቀድ ምልክት ነው ብሎ ያቆማችኋል። እንዲህ ሲገጥማችሁ መስመሩን ደጋግማችሁ ከማንበብ ይልቅ ምልክቷን አጥፍታችሁ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንደገና ምቱ፤ ከዚያም ይህን በካርቶናችሁ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፉት።

አመሰግናለሁ።