አውሎ ነፋስ ሲመታ ዕዳው ይቁም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግሬናዳ ነው። ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለች፣ ሕዝቧ ከመቶ ሺህ ብዙም የማይርቅ ትንሽ አገር ናት። የታወቀችበትን ምርት ግን እናቶቻችሁ ያውቁታል፤ ገውዝ ነው። ባንዲራዋ ላይ ሳይቀር የገውዝ ፍሬ አለ። የምጠራቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው፤ እንዳንደናገር።

በ2004 ኢቫን የተባለ አውሎ ነፋስ በአንድ ቀን ከ10 ቤት 9ኙን ጎዳ። ኪሳራው ሲሰላ የአገሪቱን የሁለት ዓመት ጠቅላላ ምርት አከለ። ቤት በእርዳታ ቆርቆሮም ቢሆን ይከደናል። የገውዝ ዛፍ ግን ለከርሞ አይደርስም። ችግኙ ፍሬ እስኪይዝ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እስከዚያ ገበሬው ምን ይብላ? ይባስ ብሎ በዓመቱ ኤሚሊ የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ መጣ።

መንግሥትም ዕዳውን መክፈል አቃተው። በ2005 ከአበዳሪዎች ጋር ተደራድሮ ቀን አራዘመ። በ2013 ክፍያው እንደገና ተቋረጠ። እርዳታ አልመጣም? መጥቷል። ግን እርዳታ ሲመጣም ዕዳው ወለድ መቁጠሩን አያቆምም።

በ2015 ድርድር ላይ ግሬናዳ የብድር ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገባች። ከባድ አውሎ ነፋስ ከመታን ክፍያው ለጊዜው ይቁም የሚል። ዕዳው አይሰረዝም፣ ቀኑ ይገፋል። ጁላይ 1 ቀን 2024 ቤሪል የተባለ አውሎ ነፋስ ካሪያኩ የተባለችውን ደሴቷን ሲመታ፣ ያልተጎዳ ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። በቀጣዩ ወር መንግሥት አንቀጹን መዘዘ። ለዕዳ ሊከፈል የነበረው ገንዘብ አገር ውስጥ ቀረ። ማንንም ደጅ አልጠናም፤ መብቱ ነበር።

ለእኔ ይሄ ከብዙ የእርዳታ ቃል ይበልጣል። እርዳታ የሚሰጠው በነፍስ ወከፍ ገቢ እየተለካ ነው፤ ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል። ሌላዋን የካሪቢያን ደሴት አገር፣ አንቲጓና ባርቡዳን ተመልከቱ። በ2017 ኢርማ የተባለ አውሎ ነፋስ አንዷን ደሴት ባርቡዳን ሲያወድማት ነዋሪው በሙሉ ደሴቷን ለቆ ወጣ። በ2022 አገሪቱ ገቢሽ አድጓል ተብላ ከልማት እርዳታ ተቀባዮች ዝርዝር ወጣች። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2024 ተጋላጭነትን የሚለካ መስፈርት ተቀብሏል። አበዳሪና ለጋሾች ግን ይጠቀሙበት ዘንድ የሚያስገድዳቸው የለም።

እኛ ደሴት አይደለንም፤ ባሕር በርም የለንም። ግን በዲሴምበር 2023 የዩሮቦንዱን፣ ማለትም ከውጭ ባለሀብቶች በዶላር የተበደርነውን ዕዳ፣ ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳንከፍል ቀረን። ከዚያ በፊት ደግሞ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ ክልል ላይ ዝናቡ 5 ወቅት በተከታታይ ከሽፎ ከብቱ አልቋል። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ነው የምናወራቸው። የዕዳው ወሬ የገንዘብ ሚኒስቴር፣ የድርቁ ወሬ የእርዳታ ድርጅቶች።

ለምን ግሬናዳ የጠየቀችውን አንጠይቅም? ድርቅ ሲመጣ ክፍያ ይቁም የሚል አንቀጽ። በነጻ አይገኝም፤ አበዳሪው ወለድ ልጨምር ሊል ይችላል። የዝናብ መጠኑን ማን ይለካል፣ በስንት ሚሊ ሜትር ይቁም የሚለውም ጭቅጭቅ አለው። ኢኮኖሚክስ የምትማሩት እንዲህ ላለው ጭቅጭቅ ነው። ነገ ከእናንተ አንዱ የብድር ውል ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥለታል። ያን አንቀጽ ይፈልግ። ከሌለ፣ ከመፈረሙ በፊት ያስገባ፤ ዝናቡ ከቀረ በኋላ የሚሰማው የለም።

አመሰግናለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።