በጥቂት ሰዎች ትርፍ ላይ የቆመ በጀት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ካሊፎርኒያ በጀት ነው። ርዕሱን ሰምታችሁ ለመዝጋት አትቸኩሉ። ሎስ አንጀለስ፣ ኦክላንድ ወይም ሳን ሆዜ ለምትኖሩ ሁሉ፣ በስቴቱ ዋና ከተማ በሳክራሜንቶ የሚጻፈው ቁጥር እናታችሁ ቤት ድረስ ይመጣል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከ2022 ልጀምር። በዚያ ዓመት ሜይ ወር ገዥው ጋቪን ኒውሰም 97.5 ቢሊዮን ዶላር ትርፍ አለን አሉ። ትርፍ! ብዙ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚተዳደርበት ገንዘብ ነው። ከዚያ ላይ ለ23 ሚሊዮን ሰው እንደ ገቢውና እንደ ቤተሰቡ ብዛት ከ200 እስከ 1,050 ዶላር እንዲከፈል ተወሰነ። ብዙዎቻችን ደርሶናል፣ ነዳጅ የናረበት ጊዜ ስለነበረም ጠቅሞናል።

ዓመት ሳይሞላ ወሬው ተገለበጠ። በ2023 ጃንዋሪ 22.5 ቢሊዮን ጉድለት ተባለ። ሜይ ላይ ከ31 ቢሊዮን አለፈ። ዲሴምበር ላይ ደግሞ የሕግ አውጪው ምክር ቤት የበጀት ተንታኞች ጉድለቱን 68 ቢሊዮን ብለው ገመቱት። ገዥው ከዚያ ያነሰ ቁጥር ይዘው ቀረቡ። በመጨረሻ በ2024 ጁን የተስማሙበት በጀት ወደ 47 ቢሊዮን የሚጠጋ ጉድለት መሸፈን ነበረበት።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ? ተሰረቀ የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ነገሩ ሌላ ነው። የስቴቱ ዋና ካዝና፣ ጄነራል ፈንድ የሚባለው፣ ከገቢው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከግለሰቦች የገቢ ግብር ነው። ከዚያ ግብር ደግሞ፣ እንደ ዓመቱ ይለያያል እንጂ፣ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን የሚከፍሉት ከፍተኛ ገቢ ያላቸው 1 በመቶ ሰዎች ናቸው። ከሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚያገኝ ሰው የመጨረሻው የግብር ምጣኔ 13.3 በመቶ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የሚኖሩት በደሞዝ ብቻ አይደለም። አክሲዮን ይሸጣሉ። ገበያው ሲሞቅ ሽያጩ ይበዛል፣ ግብሩም ይጎርፋል። በ2022 ወለድ ጨመረ፣ ገበያው ወረደ፣ ግብሩም አብሮት ወረደ። አንድ ልጅ ውጭ አገር ሆኖ በሚልከው ገንዘብ የሚተዳደር ቤት አስቡ። ልጁ ሥራ ያጣ ዕለት የቤቱ ሰው ሁሉ ይደነግጣል።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2023 መጀመሪያ ላይ በነበረው ዝናብና ጎርፍ ምክንያት የግብር ማስገቢያው ቀን ከኤፕሪል ወደ ኦክቶበር ተላለፈ፣ ከዚያም እንደገና ወደ ኖቬምበር ተገፋ። እናም የምክር ቤት አባላቱ በጁን በጀቱን ሲያጸድቁ ምን ያህል ገንዘብ እንደገባ በትክክል አያውቁም ነበር። ቆጠራው ሲመጣ ያለፈው ዓመት ገቢ ብቻ ከግምቱ 26 ቢሊዮን ያህል አንሶ ተገኘ።

ሀብታም ብዙ ግብር መክፈሉን እኔ አልቃወምም። ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል፣ ትክክል ነው። የሚያናድደኝ በጥሩ ዓመት የገባው ቃል በመጥፎው ዓመት የሚታጠፍበት መንገድ ነው። የሚታጠፈው ደግሞ መጀመሪያ በደካማው ላይ ነው።

ሜዲካል የሚባለውን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ስቴቱ የሚሰጠውን የጤና መድን፣ እንይ። በ2024 ጃንዋሪ ስቴቱ በሩን ከፈተ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ የመኖሪያ ወረቀት ይኑረው አይኑረው፣ መታከም ይችላል ተባለ። ስንት ዓመት ሕመሙን ችሎ የኖረ ሰው ሐኪም ፊት ቀረበ። የ2025ቱ በጀት ግን 12 ቢሊዮን ያህል ጉድለት ነበረበት። ወረቀት የሌላቸው አዋቂዎች ከ2026 ጃንዋሪ ጀምሮ በአዲስ እንዳይመዘገቡ ተወሰነ። ከ2027 ጁላይ ጀምሮም በወር 30 ዶላር የሚከፍሉ ይኖራሉ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው እኮ ገበያው እስኪያገግም አይጠብቅም።

ሌላው ለእኛ ማኅበረሰብ ቅርብ ነው፣ አይ ኤች ኤስ ኤስ። አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቤታቸው ሆነው እንዲጦሩ ስቴቱ ለተንከባካቢው የሚከፍልበት ፕሮግራም ነው። ከ700 ሺህ በላይ ሰው ይረዳበታል። ልጅ እናቱን ሲያጥብ፣ ሲያበላ፣ ሐኪም ቤት ሲያመላልስ ይከፈለዋል። ስንቱ አበሻ እናቱን ወደ ነርሲንግ ሆም ሳይሰድ የቆየው በዚህ ነው። በ2025 ሜይ ገዥው የተንከባካቢዎቹ ሥራ በሳምንት 50 ሰዓት ላይ እንዲገደብ ሐሳብ አቀረቡ፣ ለትርፍ ሰዓት የሚወጣውን ለመቀነስ። እስቲ አስቡት፣ የመርሳት ሕመም ያለባት እናት 51ኛው ሰዓት ላይ ማን ጋር ትሁን? ተንከባካቢዎቹ ጮኹ፣ ማኅበራቸውም ተነሳ፣ ምክር ቤቱም ሐሳቡን ሳይቀበል ቀረ።

ይህን የማነሳው የጊዜ ሰሌዳውን እንድታዩት ነው። ገዥው የመጀመሪያውን ረቂቅ እስከ ጃንዋሪ 10 ያቀርባሉ። ኤፕሪል ላይ ግብር ይገባል፣ ሜይ አጋማሽ ላይ የተከለሰው ይወጣል። ምክር ቤቱ እስከ ጁን 15 ማጽደቅ አለበት፣ ካለፈ አባላቱ ለዘገዩበት ቀን ደሞዝ አያገኙም። አዲሱ የበጀት ዓመት ጁላይ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ዋናው ክርክር ያለው በአንድ ወር ውስጥ ነው። ያን ወር እኛ በልጆች ምረቃና በድግስ እናሳልፈዋለን።

ሕጉ በጀቱ ሚዛኑን የጠበቀ ይሁን ይላል። በወረቀት ላይ ሁልጊዜ ይጠብቃል። በ2009 ግን የስቴቱን ሠራተኞች የ2010 የጁን 30 ደሞዝ ወደ ጁላይ 1 ገፍተው ወጪውን ወደሚቀጥለው ዓመት አሻገሩት። በዚያው በ2009 ጁላይ ጥሬ ገንዘብ አልቆ ስቴቱ ሊከፍላቸው ለሚገባ ሰዎች በቼክ ፋንታ በኋላ እከፍላለሁ የሚል የቃል ኪዳን ወረቀት ሰጥቷል። የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ ክፍያም 32 በመቶ እንዲጨምር ተወሰነ። ያኔ ልጅ ያስተማሩ ወላጆች አይረሱትም።

ለክፉ ቀን የሚሆን መጠባበቂያ አለ። በ2014 ሕዝቡ በድምፅ አጠናክሮታል፣ በእነዚህ ዓመታትም ከእሱ በቢሊዮኖች ተወስዷል። ነገር ግን በግዴታ የሚቀመጠው ገንዘብ ከጄነራል ፈንዱ ግብር 10 በመቶ ሲደርስ ይቆማል። ገቢው በአንድ ዓመት በአሥሮች ቢሊዮን ለሚወድቅ ስቴት ይህ ትንሽ ነው። ጣሪያው ከፍ ማለት አለበት ብዬ አምናለሁ። እንደ 2022 ዓይነት ዓመት ሲመጣ የሚበዛው ይቀመጥ፣ ሲከፋም መጀመሪያ የሚነካው እሱ ይሁን እንጂ የእናቶች ሰዓት አይሁን። ጣሪያው ያለው በስቴቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ስለሆነ ከሕዝብ ድምፅ ውጭ አይነሳም። ድምፅ የምትሰጡ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በምርጫ ወረቀቱ ላይ ስታዩ ሳትሞሉት አትለፉ።