እባካችሁ ሰባቱን ታሪክ አውጡልን

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የመጽሐፍ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ቅዳሜ ማታ ሽፍት ቀይራችሁ፣ ልጅ ለአያት ትታችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያም ከሲልቨር ስፕሪንግም ስለ አጭር ልብ ወለድ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ ይላል። እኔ ደራሲ አይደለሁም። ሃያሲም አይደለሁም። ገዝቶ የሚያነብ ሰው ነኝ። ስለዚህ የምናገረው እንደ ደንበኛ ነው። ደንበኛ ደግሞ ማማረር ይችላል።

ይዤ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ራሱን የቻለ መጽሐፍ መሆን አለበት። በየመጽሔቱ የወጣውና በመሳቢያ የተኛው ሁሉ ተለቃቅሞ ስለተጠረዘ ብቻ መጽሐፍ አይሆንም።

ብዙ ሰው መድበል ሲያገኝ ማውጫውን ገልጦ አጭሩን ይመርጣል። ወይም ርዕሱ የሳበውን። እኔ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በተርታ ነው የማነበው። ወዳጆቼ ይስቁብኛል። ግን ደራሲው ለቅደም ተከተሉ ተጨንቆ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ሲነበብ ነው። ካልተጨነቀም የሚታወቅበት በዚሁ ነው።

የተጨነቀ ሰው ማየት ለፈለገ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ተወልዶ ያደገ ኤድዋርድ ፒ. ጆንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 «ሎስት ኢን ዘ ሲቲ» የሚል መድበል አወጣ። 14 ታሪኮች አሉት፤ የዲሲ ሰዎች ታሪክ ነው። ዘመድ ሲመጣ ወስደን ፎቶ የምናስነሳበት ዲሲ ግን አይደለም። ኪራይ የሚከፈልበት፣ አውቶቡስ የሚጠበቅበት ዲሲ ነው። መጽሐፉ የሚጀምረው እርግብ በምታረባ ልጅ ነው። ገጹን እየገለጣችሁ ስትሄዱ ባለታሪኮቹም በዕድሜ እየገፉ ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ ማሪ የሚባሉ የ86 ዓመት አሮጊት ናቸው። ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ ከመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት፣ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል፤ ይሄዳሉ፤ ቁጭ ብለው ይውላሉ፤ የሚያነጋግራቸው ግን የለም። አንድ ቀን ትዕግስታቸው ያልቅና እንግዳ ተቀባይዋን በጥፊ ያልሷታል። ሳቃችሁ ይሰማኛል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እጁን ያልበላው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጆንስ በዚህ አላበቃም። ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ሁለተኛ መድበል አሳተመ። እሱም 14 ታሪክ ነው። የዚህኛው አንደኛ ታሪክ ከዚያኛው አንደኛ፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል፤ እስከ መጨረሻው እንዲሁ። አንባቢው ይህን ባያውቅም ይጥመዋል። ካወቀ ደግሞ ሁለቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ያነሳቸዋል።

ከመጀመሪያው መድበል ውስጥ «ዘ ፈርስት ደይ» የምትለዋን ሳልነካት ማለፍ አልችልም። ጥቂት ገጽ ናት። አንዲት እናት ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ይዛ ትሄዳለች። የምትመኘው ትምህርት ቤት አድራሻችሁ የዚህ ሰፈር አይደለም ብሎ ይመልሳቸዋል። ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ፎርም ይሰጣታል። እናትየው ዞር ዞር ብላ ታይና አንዷን ሴትዮ እንድትሞላላት ትለምናለች። ማንበብ አትችልም። ልጅቷ ይህን ያወቀችው መቼ እንደሆነ፣ በእናቷ ማፈር የጀመረችው መቼ እንደሆነ ደራሲው ዘርዝሮ አይነግረንም። ታሪኩን የምትተርከው ካደገች በኋላ ነው፤ ድምጿ ውስጥ ሁሉም አለ። መጨረሻ ላይ እናቷ በኮሪደሩ ስትርቅ የጫማዋን ኮቴ ትሰማለች። አለቀ። ማንም አይሞትም፣ ምስጢር አይወጣም።

ይህን የማነሳው ከብዙ የአማርኛ አጫጭር ልብ ወለዶች ጋር አንድ ጠብ ስላለኝ ነው። መጨረሻ ላይ አንባቢን ካላስደነገጡ ታሪኩ ያላለቀ ይመስላቸዋል። ለካ ሕልም ነበር። ለካ የወደዳት እህቱን ነበር። ለካ ተራኪው ከሞተ ቆይቷል። አንዴ ያስገርማል። በአንድ መድበል ውስጥ አምስቴ ሲደጋገም ግን አንባቢ ብልጥ ይሆናል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሆኖ «ይቺ እህቱ ናት» ማለት ይጀምራል። ያኔ ታሪኩ ሞተ ማለት ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም። አዳም ረታን ያነበበ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። አንድ ቦታ የተዋወቅነው ሰው ሌላ ታሪክ ውስጥ ብቅ ይልብናል። ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍም «ሕጽናዊነት» የሚል ስም ሰጥቶታል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያደክመኛል። ግን ታሪኮቹ አንድ ላይ የታሰሩበት ምክንያት እንዳለ አልጠራጠርም። መጽሐፉን ዘግቼ ስለ ሰዎቹ ሳስብ የአንዱን ከአንዱ መለየት ያቅተኛል፤ እሱም የፈለገው ይህንን ይመስለኛል።

ወደ ራሳችን ልጅ ልምጣ። መሮን ሀደሮ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት፤ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በ2021 ለአፍሪካ ጸሐፊዎች አጭር ልብ ወለድ የሚሰጠውን የኬን ሽልማት ስታሸንፍ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሆነች። ያሸነፈችበት ታሪክ ጌቱ የሚባል መንገድ ጠራጊ ልጅ፣ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሸራተን ወደተደገሰ የፈረንጅ ሽኝት የሚሄድበት ነው። በዓመቱ መድበሏ ወጣ። እኔን የያዘኝ ግን ስለ ሻንጣው የጻፈችው ነው። ሳባ አዲስ አበባ ከርማ ልትመለስ ነው። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ለአሜሪካ ሰው የሚላከውን ይዞ መጥቷል። ሻንጣው ከተፈቀደው ኪሎ አልፏል። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል፤ የማን ይውጣ? እያንዳንዱ የራሱ ዕቃ ለምን መሄድ እንዳለበት ያስረዳል። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ይህን ሳነብ ሳቅሁ፣ ትንሽም ሆዴ ባባ። ባለፈው ክረምት ሽሮና በርበሬ ኤርፖርት ወለል ላይ ዘርግፋችሁ እንደገና ያሸጋችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ ደራሲዎቻችንን የምለምነውም ይኸንኑ ነው። ኪሎ ይኑራችሁ። ሃያ ታሪክ ከያዛችሁ ሰባቱን አውጡ። ሁሉም ልጄ ነው አትበሉ። አርታኢ ፈልጉ፤ የሚያዝን ሳይሆን የሚጨክን።

ሲጨከን ምን እንደሚገኝ በ2025 ታይቷል። ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ልብ ወለድ በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት ታሪክ የመጀመሪያው አሸናፊ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበል ከሕንድ መጣ። ደራሲዋ ባኑ ሙሽታቅ ጠበቃም ናት፤ የጻፈችው በካናዳ ቋንቋ ነው። ካናዳ ስል አገሩን አይደለም፤ ደቡብ ሕንድ ውስጥ የሚነገር ቋንቋ ነው። ታሪኮቹ የተጻፉት ከ30 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉመው መጽሐፉ ውስጥ የገቡት ግን 12 ብቻ ናቸው። የሙስሊም ሴቶችን ኑሮ ነው የምታወራው፤ ባል፣ አማት፣ ቤት፣ መስጊድ። ሁሉንም እኩል አልወደድኩትም፤ አንዳንዱ ንዴቱ ከታሪኩ ይቀድማል። ግን 12 ታሪክ ስለሆነ ያልወደድኩትን ተሸክሜ አለፍኩ። 30 ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ እቀር ነበር።

ሌላው ነገር ትንሽ ነው፤ ቶሎ ልጨርሰው። እባካችሁ ታሪኩ የተጻፈበትን ዓመት ከሥሩ አስፍሩ። በደርግ ጊዜ የተጻፈና ባለፈው ዓመት የተጻፈ ጎን ለጎን ተቀምጦ አንባቢ በግምት እንዲለይ አታድርጉት። መቅድሙንም አሳጥሩት። ታሪኩን ገና ሳላነበው ምን እንደተሰማው የሚነግረኝ ወዳጅ አልፈልግም። የጀርባ ሽፋኑ ላይ የሦስት ሰው አድናቆት ከሚታተም ደግሞ ከመጀመሪያው ታሪክ አንድ አንቀጽ ቢወጣ እመርጣለሁ።

«አጭር ልብ ወለድ አይሸጥም» የሚለውን ከመጽሐፍ ነጋዴዎች በተደጋጋሚ እሰማለሁ። ሊሆን ይችላል። ግን በእረፍት ሰዓት ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚያነብ ሰው ምን ይሻለዋል? ስድስት መቶ ገጽ ልብ ወለድ በሃያ ደቂቃ እየቆራረጡ ማንበብ ከባድ ነው። አንድ ታሪክ ግን በሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ ሲመለስ አእምሮው ውስጥ ይዞት ይሄዳል። ገበያው እኛ ነን። በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ኬክ በልተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ መጽሐፉን ሳንገዛ የምንወጣው እኛ ነን።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ኤድዋርድ ጆንስ ስለዚህ ከተማ 28 ታሪክ ጽፏል። እኛ ደግሞ በዚሁ ከተማ ታክሲ ነድተናል፣ ነርሲንግ ሆም አድረናል፣ ሬስቶራንት ከፍተን ዘግተናል፣ ቀብረናል፣ ድረናል። ይህንን በአማርኛ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የታሰበበት አንድ መድበል ሆኖ ማንበብ እፈልጋለሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ በስልካችሁ ኖት ላይ ታሪክ የምትጀምሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስም አልጠራም።

ለጊዜው ግን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥለው ወር ስንገናኝ ሁላችንም አንድ መድበል ከመጀመሪያው ታሪክ እስከ መጨረሻው በተርታ አንብበን እንምጣ። መቅድሙን ዝለሉት። የትኛውን ታሪክ ታወጡ እንደነበር በወረቀት ጻፉ፤ ከዚያ እንከራከራለን። የትኛው መጽሐፍ ይሁን የሚለውን አሁኑኑ ሻይ እየጠጣን እንወስን። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።