ሁለተኛው መጽሐፍ ወደ ኋላ ተመለሰ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ደሴ ነኝ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። የቆርቆሮ ድምፅ ከሰማችሁ ዝናቡ ነው፣ አብሽሩ።

"ሁለተኛው መጽሐፍ የት ደረሰ?" እያላችሁ ነው። እስቲ የልብ ወለዴ ተከታይ የዘገየበትን ላጫውታችሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩት አራት መጽሐፍ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። በአራቱ የዜማ ቅኝቶች አራት ቅጽ። ሁለቱ የአገሬ ቦታዎች ስም ናቸውና ልቤ ወዶት ነበር። ስምንት ወር ይዤው ዞርኩ። ስጽፍ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። የታሪኬ ሰዎች ባቲ የሚወርዱት ጉዳይ ኖሯቸው ሳይሆን የመጽሐፉ ስም ባቲ ስለሆነ ነበር። ተውኩት።

ከዚያ አንዲት አንባቢ ስለ መጀመሪያው መጽሐፌ ባለታሪክ ልትጠይቀኝ ደወለችልኝ። "እትዬ ዘሐራ ዕድሜያቸው ስንት ነው?" አለችኝ።

ደብተር አውጥቼ አሰላሁ። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ እትዬ ዘሐራ የተወለዱት ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ጦርነት ላይ በተማረኩበት ዓመት ነው ብያለሁ። 1909 ማለት ነው። መጽሐፉ የሚያልቀው ደግሞ 1966 ላይ ነው፤ የ6 ዓመት ልጃቸውን አዝለው ወደ ደሴ ሲወጡ። እንግዲህ ልጁን የወለዱት በ51 ዓመታቸው ሊሆን ነው!

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ረቂቅ ቢሆን ዓመቱን እሰርዘው ነበር። የታተመው ግን ሰው ቤት ገብቷል። ሊነጋጋ ሲል የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩ። "ወለዱ" የሚል ቃል የለም። እትዬ ዘሐራ የሚሉት "ልጄ" ብቻ ነው። ልጁም ከዚያ ምዕራፍ በፊት የለም።

እኛ ዘንድ ደግሞ "ልጄ" ለማለት መውለድ ግድ አይደለም። የጡት ልጅ አለ። አንዱ አጎቴ የጡት ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። አያቴ ስትጠራው ድምጿ ከሌሎቹ ተለይቶ አያውቅም።

ታዲያ ልጁን ማን ሰጣቸው?

ይህ ጥያቄ ከመጣ በኋላ ባቲ በራሷ ጊዜ ተመለሰች። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። የቆላው ሰው ግመሉን፣ ጨውና ቅቤውን ይዞ ይመጣል፤ ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል። 1965 ላይ ድርቁ ሲጠና ግን የቆላው ከብት እያለቀ ነበር። የሚሸጥ ነገር የሌላት እናት ለምን ገበያ ትመጣለች? ልጇን ለማታውቃቸው ሴት ስትሰጥ ምን ብላ ትሰጣለች? ስሙን ትነግራቸዋለች? ከተለየችው በኋላ ያንን መንገድ ብቻዋን እንዴት ተመለሰችው? ይህን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል። ሁለተኛው መጽሐፍ የእሷ ነው። ወደ ፊት አይሄድም፤ ወደ 1965 ይመለሳል።

ሦስተኛው 1977 ነው። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ረሃቡም ዳግም መጥቷል። እዚያ ላይ ያበቃል። አራተኛ የለም። ልጁ ሁለቱንም እናቶቹን ካወቀ በኋላ የምነግራችሁ ነገር የለኝም።

አንድ ነገር ግን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሁለተኛውን ቀድሞ ያነበበ ሰው ምንም ሊጎድልበት አይገባም። አገራችን ውስጥ ሁለተኛው ሲወጣ የመጀመሪያው ከገበያ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። አንባቢ ከአዟሪ እጅ ያገኘውን ነው የሚገዛው። ስለዚህ "ባለፈው እንዳነበባችሁት" የሚመስል ምዕራፍ አልጽፍም። እትዬ ዘሐራ በሁለተኛው ውስጥ ገበያ መሀል የቆሙ፣ እህል የያዙ አንዲት የማይታወቁ ሴት ናቸው። እናትየው ያየቻቸውን ያህል ብቻ እናያቸዋለን።

ለእናትየው እስካሁን ስም አላወጣሁላትም። ሰኞ በጠዋት ወደ ባቲ እወርዳለሁ። ገበያው ውስጥ እቀመጥና ሴቶቹ እርስ በርስ ሲጠራሩ እሰማለሁ።